«አሽከሮቹ» ወይስ «ሰዎቹ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፓሪስ ነው። ከኖትርዳም ካቴድራል ጎን የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ ሐውልት አለ። በፈረንሳይኛ «ሻርለማኝ ኤ ሴ ለድ» («ሻርለማኝና ለዶቹ») ይባላል። ፎቶውን ስለጥፍ «ሻርለማኝና አሽከሮቹ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ጀግኖቹን ተላላኪ አደረግሃቸው፤ ፈረሰኞቹ በል» አለኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ «ፈረሰኞቹ» አያስኬድም። የሮሼ ወንድማማቾች በሠሩት በዚህ የነሐስ ሐውልት ፈረስ ላይ ያለው ሻርለማኝ ብቻ ነው። ተዋጊዎቹ ሮላንድና ኦሊቪዬ ግራና ቀኝ ሆነው በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

«አሽከር» ግን ድሮ የሚያሳፍር ቃል አልነበረም። ተዋጊ ሲፎክር «የታጠቅ አሽከር!»፣ «የዳኘው አሽከር!» ይል ነበር። አባ ታጠቅ የአፄ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው የአፄ ምኒልክ የፈረስ ስም ነው። የማን አሽከር እንደሆነ መናገር ለፎካሪው ክብሩ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ወርዷል። አንባቢ «አሽከር» ሲል የሚታየው ቤት ውስጥ የሚላላክ ሰው ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። «ጋሻ ጃግሬ»ም እንደዚሁ ነው፤ የጌታውን ጋሻ ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ አሁን የባለሥልጣን አጫፋሪ መጠሪያ ሆኗል።

እስቲ ወደ ቃሉ ወደ ራሱ እንሂድ። «ለድ» በፍራንኮች፣ ማለትም በሻርለማኝ ሕዝብ፣ ዘመን ለንጉሡ ታማኝ ሊሆን የማለ ሰው ነው። ሥሩ የጥንት ጀርመኖች «ሕዝብ፣ ሰዎች» የሚሉበት ቃል ነው። የዛሬው ጀርመንኛ «ሎይተ» ዘመዱ ነው፤ ትርጉሙም «ሰዎች»። አማርኛም ይህንኑ መንገድ ያውቀዋል! «እሱ እኮ የራስ እገሌ ሰው ነው» እንላለን። ያደረለት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የማይከዳው ማለታችን ነው። ሮላንድም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በ778 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፒሬኔ ተራሮች የሻርለማኝ ደጀን ሲመታ አብሮ ሞተ። ያኔ ሻርለማኝ ገና ንጉሥ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ሮም ላይ ዘውድ የጫነው በ800 ነው።

እኔ ብሆን «ሻርለማኝና ሰዎቹ» እላለሁ። «ታማኝ ሰዎቹ» ማለትም ያምር ነበር። ግን «ሻርለማኝ» እና «ታማኝ» ቤት ይመታሉ፤ አንባቢ ግጥም የጀመሩ ይመስለዋል።