ሦስተኛው ንብርብር ላይ የሚነጣው የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን

ለሶላር ሴል በመስታወት ላይ ከሙሙት ንብርብር በንብርብር የሚሠሩት የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን ሦስተኛው ንብርብር ላይ እንደ ወተት የሚነጣብዎት፣ የታችኛው በቅጡ ሳይደርቅ ስለሚደርቡበትና የአዲሱ ሙሙት አሟሚ የታችኛውን መልሶ ስለሚያሟሟው ሳይሆን አይቀርም። እያንዳንዱን ንብርብር በስፒን ኮተር (መስታወቱን በፍጥነት አሽከርክሮ ሙሙቱን በስሱ በሚዘረጋው መሣሪያ) እንዳሽከረከሩ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ደቂቃ ያድርቁት፤ ቀጣዩን የሚጨምሩት መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ሙሙቱ እንዳይደፈርስ የሚጨምሩት ሞኖኢታኖልአሚንም የዚንኩ ምንጭ ከሆነው ከዚንክ አሲቴቱ ጋር በሞል (በሞለኪውል ብዛት) እኩል ይሁን፤ ካነሰ ሙሙቱ ራሱ ስለሚደፈርስ ማድረቁ ብቻውን አያድንዎትም። ከማንጠባጠብዎ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ እንደ ውሃ የጠራ መሆን አለበት።

ንብርብሮቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ሽፋኑን የሚያግሉበትን የመጨረሻውን የ500 ዲግሪ ሙቀት ግን ይጠንቀቁ። መስታወትዎ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብርሃን አሳላፊ ቅብ) የተቀባ ከሆነ፣ በአየር ውስጥ እንዲህ ሲግል የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር፣ ሽፋኑ ለዓይን እንከን የለሽ ሆኖ ሶላር ሴሉ ደካማ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ። ፍሎሪን የተጨመረበት ቲን ኦክሳይድ ይህን ሙቀት በተሻለ ይችለዋል።