ወይን በብርጭቆ ስታዝዢ ከስሙ በፊት ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወጣ ስትይ ወይን በብርጭቆ እያዘዝሽ መቅመስ ጀምረሻል። ያው አንዱ ወይን አንድ ቀን ይጥምሽና ሌላ ቀን አቼቶ ይሆንብሻል። ጥፋቱ የምላሴ ነው ወይስ የወይኑ ብለሻል። ሳይደር የሚባለውን የፖም መጠጥስ መሞከር ይገባኛል ወይ ብለሽም ጨምረሻል።

ምላስሽ ደህና ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጠርሙሱ ዕድሜ ነው። ከተከፈተ በኋላ ያለውን ዕድሜ ማለቴ ነው።

እኔም ለዓመታት ስም ብቻ እያየሁ ነበር የማዘው። አንድ ማታ ባንኮኒ ላይ ተቀምጬ ቀይ ወይን አዘዝኩ። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ያነሳው ከቡና ማሽኑ አናት ላይ ነው። ግማሹ አልቋል፣ ቡሹ ተገልብጦ ተወትፏል። ብርጭቆውን ስይዘው ለብ ብሏል። ሳሸተው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል። ታዲያ ምን አደረግኩ? ዝም ብዬ ጠጣሁትና ከፈልኩ። አላውቅም እንዳልባል ፈርቼ ነው እንጂ መበላሸቱስ አልጠፋኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ በ150 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ወይኑን የሚያዝ ሰው ካልበዛ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሰኞ፣ አምስተኛው ዓርብ ሊቀዳ ይችላል። እስከዚያ አየር ይሠራበታል። መጀመሪያ የፍራፍሬው መዓዛ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደግሞ ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ አቼቶ ይለውጠዋል። በደንብ ተዘግቶ ፍሪጅ ከገባ ነጩም ቀዩም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። አዎ፣ ቀዩም ፍሪጅ ይግባ፣ ከመቅረቡ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣል እንጂ መደርደሪያ ላይ አያድርም። ጋዝ ያለው ግን በልዩ መክደኛ ካልተያዘ በማግስቱም ሞቶ ታገኚዋለሽ። እንደ ፖርት ያሉት አልኮል የተጨመረባቸው ይሻላሉ። ኮራቪን የሚባል መሣሪያም አለ፣ ቡሹን ሳይነቅል በቀጭን መርፌ ወይኑን እየቀዳ በቦታው አርጎን ጋዝ ያስገባል። እሱ ያለበት ቤት ውድ ወይን በብርጭቆ ማዘዝ አያስፈራም።

ስለዚህ አስተናጋጁን «ይሄ መቼ ነው የተከፈተው?» በይው። በቃ። ነውር የለውም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቀኑን ይነግርሻል ወይም አዲስ ይከፍትልሻል። ካመነታ «ትንሽ ልቅመሰው?» በይ፣ አንዲት ጉንጭ የማትቀዳ ቤት ብዙ አላጋጠመችኝም። የቀረበልሽን እንደ ጓደኛሽ ሽቶ አስጠግተሽ አሽቺው። የኔን ፍርድ ከፈለግሽ ደግሞ፣ ሜኑው ላይ ሠላሳ ዓይነት ወይን በብርጭቆ የደረደረ ግን ሰው የማይታይበት ቤት ያስፈራኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ሁሉ የሚያዘውን የቤቱን ወይን እመርጣለሁ፣ ቶሎ ስለሚያልቅ ትኩስ ነው።

ከአቼቶው ሌላ አንድ በሽታ አለ። ወይኑ እርጥብ ካርቶን ወይም የታፈነ ምድር ቤት ከሸተተሽ የቡሹ ችግር ነው፣ ቲሲኤ የሚባል ኬሚካል ያመጣዋል። ጤና አይጎዳም፣ ጣዕሙን ግን ይገድለዋል። ጠርሙስ ስታዝዢ መጀመሪያ ቀምሰሽ ነው የሚቀዳልሽ፣ በብርጭቆ ሲሆን ግን ማንም ሳይቀምሰው ሊቀዳልሽ ይችላል። ያለ ይሉኝታ መልሺው። በነገራችን ላይ በብረት ክዳን የሚዘጋ ወይን ርካሽ ነው የሚባለውን እርሺው፣ ከዚህኛው ጣጣ በብዛት የሚያመልጠው እሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ወይኑ ጤነኛ ሆኖ ሙቀቱ ነው የሚበላሸው። በጣም የቀዘቀዘ ነጭ ወይን ምንም አይሸትም፣ ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ ትንሽ ጠብቂው። የሞቀ ቀይ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። ያኔ በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ እንዲያስቀምጡልሽ ጠይቂ፣ ቢያዩሽም ይዩሽ።

መማር ከፈለግሽ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ከምታዝዢ ሁለት ግማሽ ግማሽ አዝዢና ጎን ለጎን አስቀምጪ። ለብቻው የቀመስሽውን ወይን «ጥሩ ነው» ከማለት አታልፊም፣ ሁለተኛ ሲቀመጥበት ነው ልዩነቱ የሚናገረው። ለምሳሌ ፒኖ ኑዋርና ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉትን ቀይ ወይኖች። ፒኖው ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ከዋጥሽው በኋላ ምራቅሽ ይመጣል፣ አሲዱ ነው። ካበርኔው ደግሞ ድድሽን ያደርቀዋል፣ ያልበሰለ ሙዝ የነከስሽ ያህል አፍሽን ያጣብቀዋል። እሱ ታኒን ነው። ይህን አንዴ በአፍሽ ካወቅሽው የማንም ማብራሪያ አያስፈልግሽም። ጣፋጩን ግን መጨረሻ አድርጊው፣ ከሱ በኋላ ድራይ የሚሉት የማይጣፍጥ ወይን ሎሚ ሎሚ ይልሻል።

ወደ ሳይደር ስንመጣ፣ አዎ ይገባሻል! ብዙ ሰው የቢራ ዘመድ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን የወይን ነው፣ የፖም ጭማቂ ይብላላና ይሆናል። አልኮሉ ባብዛኛው ከ4 እስከ 8 በመቶ ስለሆነ ለቀማሽ ይመቻል። አሜሪካ ከሄድሽ ግን ተጠንቀቂ፣ እዚያ ሳይደር ብቻ ካልሽ ያልተብላላ ጭማቂ ሊመጣልሽ ይችላል፣ አልኮል ያለውን «ሀርድ ሳይደር» ነው የሚሉት። ከረሜላ ከረሜላ የሚለውን የፋብሪካ ሳይደር ቀምሰሽ ተስፋ አትቁረጪ። በብሪታንያ ሕግ 35 በመቶ ጭማቂ ካለው ሳይደር ተብሎ መሸጥ ይችላል፣ ቀሪው ውኃና ስኳር ቢሆንም። እነ ዳቢኔትና ኪንግስተን ብላክ ከሚባሉት የእንግሊዝ የሳይደር ፖሞች የተሠራውን ሞክሪ፣ ታኒን ስላለው ድድ ይይዛል። ለስለስ ያለ ከፈለግሽ የፈረንሳይ ኖርማንዲው «ዱ» የሚባለው አለ፣ ጣፋጭ ነው፣ አልኮሉም 3 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ የማይጣፍጠው «ብሩት» ይባላል።

እዚህ ላይ ግን ስለ አቼቶ የነገርኩሽ ሕግ ይላላል። የስፔኗ አስቱሪያስ ሳይደር ከተፈጥሮው ኮምጠጥ ይላል፣ ጋጣ ጋጣ የሚሸትም አለ፣ ተበላሽቶ አይደለም። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ብርጭቆውን ዝቅ አድርጎ ይይዝና ቀጭን ፏፏቴ ያወርድልሻል። ሁለት ጉንጭ ብትሆን ነው። አረፋው ሳይጠፋ ወዲያው ጭልጥ ማድረግ ነው፣ እንደ ወይን ይዘሽው ወሬ ከጀመርሽ ሞተ። ከቧንቧ የሚቀዳ ሳይደር ደግሞ አየር ስለማያገኘው ይቆያል። ቅቤ ቅቤ ከሸተተሽ ግን ቧንቧውን ያላጠቡት ሊሆን ይችላል።

መጠኑን ልብ በይ። 250 ሚሊ ሊትር የሚቀዱ ቤቶች አሉ፣ አንዱ ብርጭቆ የጠርሙስ ሲሶ ማለት ነው፣ «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» ማለት እዚያ አይሠራም። በየመሀሉ ውኃ ጠጪ፣ መኪናውን ቤት ተይው።

የምትቀምሺውን ሁሉ የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ሦስት ቃል ጻፊበት። የቡና ማሽኑ ወይን እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ ከሥሩ «ለብ ያለ አቼቶ» ይላል። ከወራት በኋላ ያንኑ ወይን ሌላ ቤት ዓይኔ እያየ ከፍተው ቀዱልኝ። ለዚያኛው የጻፍኩት «ቼሪ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ድገም» ነው።