ሁለት ወጣት ሆኪ ተጫዋቾችን ከማወዳደራችሁ በፊት

ሰላም ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ስካውት፣ ማለትም ለክለብ ወጣት ተጫዋች አይቶ የሚመዝን ሰው፣ መሆን ለምታስቡ ነው፣ ደሞም የምትደግፉት ክለብ ውስጥ ያሉትን ሁለት ወጣቶች ይዛችሁ "የትኛው ይበልጣል" እያላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ለምትከራከሩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ልጆች በረዶ ላይ ሲጫወቱ እያየሁ ሪፖርት በመጻፍ ነው፣ እና አሁን ያሉትን ወጣት ስካውቶች ሳይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ፣ የጎልና የአሲስት (ለጎል የበቃ ማቀበል) ሰንጠረዡን ከፍተው እዛው ላይ ይፈርዳሉ። ልጁ ያን ቁጥር ያመጣው ምን ተሰጥቶት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እስቲ የ1997ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ድራፍት፣ ክለቦች ተራ በተራ ወጣት ተጫዋች የሚመርጡበትን፣ እንውሰድ። ቦስተን ብሩይንስ ጆ ቶርንተንን በ1ኛ፣ ሰርጌ ሳምሶኖቭን በ8ኛ ወሰደ፣ ሁለቱም በዛው ሲዝን ኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ገቡ። ሳምሶኖቭ 22 ጎል አግብቶ 47 ነጥብ (ጎልና አሲስት ሲደመር) ሰበሰበ፣ ለምርጥ ጀማሪ የሚሰጠውን ካልደር ትሮፊም ወሰደ። ቶርንተን ደግሞ በ55 ጨዋታ 3 ጎልና 4 አሲስት፣ በቃ 7 ነጥብ። ያን ጊዜ ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ክለቡ 1ኛውን ምርጫ አባከነ ቢል አይፈረድበትም። ግን ቶርንተን በ2005–06 ሲዝን 125 ነጥብ ይዞ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆነ፣ ለሊጉ ኮከብ ተጫዋች የሚሰጠውን ሃርት ትሮፊንም በላ፣ ጫማውን ሲሰቅል በ1,714 ጨዋታ 1,539 ነጥብ ነበረው፣ በ2025 ደሞ ለሆኪ ሆል ኦፍ ፌም፣ ለታላላቆቹ የክብር መዝገብ፣ ተመረጠ። ሳምሶኖቭ በ888 ጨዋታ 571 ነጥብ ላይ አቆመ። ሳምሶኖቭን ለማሳነስ አይደለም፣ 888 ጨዋታ እዛ ሊግ ውስጥ መጫወት ቀላል ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው አንዱንም አያገኘውም።

አሁን ልብ በሉ፣ ሳምሶኖቭ የተወለደው ጥቅምት ወር 1978 ነው፣ ቶርንተን ሐምሌ 1979፣ ስምንት ወር ገደማ ልዩነት አላቸው። የኤንኤችኤል ድራፍት ዕድሜ የሚቆረጠው ሴፕቴምበር 15 ላይ ስለሆነ አንድ ድራፍት ውስጥ ያሉ ልጆች አንዱ ካንዱ አንድ ዓመት ሊጠጋ በሚችል ዕድሜ ይበላለጣሉ፣ በ18 ዓመት ደግሞ አንድ ዓመት በጣም ብዙ ነው። ሳምሶኖቭ ከዛ በፊት የነበረውን ሲዝን ከትልልቅ ሰዎች ጋር በፕሮፌሽናል ሊግ ነበር የተጫወተው፣ ቶርንተን ግን በቀጥታ ከጁኒየር፣ ከታዳጊዎች ሊግ፣ ነው የመጣው። ሳምሶኖቭ አጭርና ጠንካራ ነው፣ ሰውነቱ ያን ጊዜ አድጎ ጨርሷል፣ ቶርንተን ገና ረጅም እግሩን የሚለማመድ ልጅ ነበር፣ ያውም በየጨዋታው በጥቂት ደቂቃ። እና 47 እና 7ን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይሄ ይበልጣል" ማለት ምን ማለት ነው?

ስለዚህ ቁጥር ከማየታችሁ በፊት ስንት ደቂቃ ተጫወተ በሉ፣ ከማን ጋር ነው ላይኑ (አብረው የሚገቡት ሦስት አጥቂዎች)፣ ፓወር ፕሌይ ላይ፣ ተቃራኒው በቅጣት ሰው ሲጎድለው፣ ይገባል ወይ፣ አሰልጣኙ የሚያስገባው የተቃራኒ ቡድን ምርጦች ላይ ነው ወይስ ደካማው አራተኛው ላይን ላይ። ኒው ጀርዚ ዴቭልስን እዩ፣ ኒኮ ሂሸር በ2017 1ኛ ተመርጦ በመጀመሪያው ሲዝን 52 ነጥብ አመጣ፣ ጃክ ሂውዝ በ2019 1ኛ ተመርጦ በ61 ጨዋታ 21 ብቻ። ከዛ በ2022–23 ሂውዝ 99፣ ሂሸር 80። አሁንም "ሂውዝ በለጠው" ብላችሁ እንዳትዘጉት፣ በዛው ዓመት ሂሸር በመከላከል ሥራ ምርጥ ለሆነው አጥቂ የሚሰጠው ሴልኪ ትሮፊ ላይ ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች አንዱ ነበር፣ ከባዱን ሥራ ተሸክሞ ነው 80 ያመጣው። እኔ ብሆን ሁለቱንም እፈልጋለሁ፣ አንዱ ያለ ሌላው ያን ቁጥር አያመጣም ብዬ አምናለሁ።

ከቁጥር በኋላ ዓይን ይመጣል። ሃይላይት አይበቃም፣ አንድ ልጅ ምረጡና አንድ ሙሉ ፔሬድ (የጨዋታው ሦስተኛ ክፍል፣ 20 ደቂቃ) እሱን ብቻ ተከተሉት፣ ፓኩን፣ በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ፣ እርሱት። ተከላካይ ከሆነ ፓኩ ጥግ ላይ ሲወረወርና እሱ ሊያመጣው ሲሮጥ አንገቱን እዩ፣ ጎበዙ ፓኩ ጋ ሳይደርስ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ትከሻው ወደኋላ ያያል፣ ስለዚህ ሲደርስ ማን እንደሚከተለውና ለማን እንደሚያቀብል ጨርሷል፣ ያላየው ግን ፓኩን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሰጥቶ ይቆማል፣ ከዛ ተቃራኒው መጥቶ ይገጨዋል። አጥቂ ከሆነ ፓክ ከተቀማ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሦስት እርምጃዎች እዩ፣ ይመለሳል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል። ኅዳር ላይ ያያችሁትን ልጅ መጋቢት ላይ ድጋሚ እዩት፣ ያ አንገት መዞር ጀምሯል ወይ? ለኔ ከ10 ጎል ይበልጥብኛል።

የድራፍት ቁጥሩንም ዕድሜ ልክ አታሸክሟቸው። ዲትሮይት ፓቬል ዳትሱክን በ1998 171ኛ፣ ሄንሪክ ዘተርበርግን በ1999 210ኛ ነው የወሰደው፣ ሁለቱም በ2008 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ሲያነሱ የቡድኑ ሞተር ነበሩ።

በረኛን ግን ከአጥቂ ጋር ባንድ ሚዛን አታስቀምጡት፣ እባካችሁ። በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፣ ሄንሪክ ሉንድክቪስት በ2000 205ኛ ተመርጦ ኒውዮርክ ሬንጀርስ በር ላይ የቆመው በ2005 ነው፣ በመሃል ያለውን ጊዜ አገሩ ስዊድን ውስጥ ሲጫወት ነበር፣ በ2012 ደሞ የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ። የ19 ዓመት በረኛ ሪፖርት ስትጽፉ ቁመቱን፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ጎል ከገባበት በኋላ ቀጣዩን ፓክ እንዴት እንደሚጠብቅ ጻፉ፣ ፍርዱን የምትጽፉበትን ቦታ ለሁለት ሦስት ዓመት ክፍት ተዉት።