የቆየ ኪቦርድ እጃችሁ ለገባ ልጆች

ልጆቼ፣ አንድ ጊዜ ጤነኛ ኪቦርድ በገዛ እጄ ገድያለሁ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሞዴል ኤም ነበር። ከባድ ነው፤ ከየቁልፉ ስር ስፕሪንግ አለው፤ ሲጽፉበት ቀጭ ቀጭ ይላል። አዲሱ ኮምፒውተሬ ያለው ዩኤስቢ ብቻ ስለነበር ትንሽ የፕላስቲክ አዳፕተር ገዝቼ ሰካሁት። ዝም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ። አሁንም ዝም። «በቃ ሞቷል» አልኩና ኬብሉን ቆርጬ ፈታታሁት። ለካስ እሱ ምንም አልሆነም!

ያ አዳፕተር ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። የሚሠራው ዩኤስቢንም ፒኤስ/2ንም (ከዩኤስቢ በፊት የነበረውን ክብ የኪቦርድ መሰኪያ) አውቀው ለተሠሩ ኪቦርዶች ነው። የእኔው ሽማግሌ ዩኤስቢ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ በፊት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ይፈልጋል። አስተርጓሚው ቺፕ ያለው ኮንቨርተር ነው።

መሰኪያው ልክ ስለሆነ ብቻ አትመኑት። በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣውና በ1984 ከሌላው የአይቢኤም ኮምፒውተር፣ ከኤቲ ጋር የወጣው ኪቦርድ ሁለቱም ባለ 5 እግር ክብ መሰኪያ አላቸው። ቋንቋቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ላይ የኤ ፊደል ቁልፍ ሲጫን 30 ይልካል፤ ሲለቀቅ 128 ጨምሮበት 158። ሁለተኛው ሲጫን 28 ይላል፤ ሲለቀቅ መጀመሪያ 240፣ ከዚያ እንደገና 28። በ1987 የመጣው ፒኤስ/2 ደግሞ ተቃራኒው ነው። መሰኪያው ትንሽ፣ ባለ 6 እግር ሆነ እንጂ ቋንቋው የኤቲው ነው። ከኤቲ ወደ ፒኤስ/2 ለመሄድ ተራ አዳፕተር የሚበቃው ለዚህ ነው።

ኮንቨርተር ተሠርቶ ይሸጣል፤ ግን የቆዩ ኪቦርዶች ኤሌክትሪክ ስለሚበሉ ርካሹ አንዳንዴ አይችላቸውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ራሳችሁ ሥሩት። ኤቲሜጋ32ዩ4 የሚባል ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድና እንደ ቲኤምኬ ያለ ነፃ ፈርምዌር (ቺፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) ይበቃል። የሚገናኙት 4 ሽቦዎች ናቸው፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ክሎክና ዳታ። የሽቦ ቀለም ይዋሻል፤ በመልቲሜትር ለኩ። ኬብሉን ደግሞ አደራ አትቁረጡ! ሶኬት ገዝታችሁ ቦርዱ ላይ በይዱ፤ ኪቦርዱ እንዳለ ይቆያል። ፒኤስ/2ን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መንቀልና መሰካትም ይቅርባችሁ።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ባለ 101 ቁልፉ ሞዴል ኤም የዊንዶውስ ቁልፍ የለውም። ፈርምዌሩ ግን የእናንተው ስለሆነ ካፕስ ሎክን የዊንዶውስ ቁልፍ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ለነገሩ ካፕስ ሎክን ማን ይፈልገዋል?

የገደልኩት ኪቦርድ ቁልፎች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ሞዴል ኤም ያገኘና ፊደል የጎደለበት ካለ ይንገረኝ።