ለተልዕኮ ለምትወጡ ልጆች፣ ስለምታርፉበት ቤት

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ወጣት በር ላይ ያዘችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ክረምት ላይ ዩጋንዳ ሊሄዱ ነው። የአጭር ጊዜ ተልዕኮ ነው። ካምፓላ አካባቢ ሁለት ሁለት እየሆኑ በምእመናን ቤት ያርፋሉ። «ሲስተር፣ ያረፍንበት ቤት ጎረቤቶችስ? ለእነሱም መመስከር እንችላለን አይደል?» አለችኝ።

«እስቲ ላስብበት» አልኳት። ይሄ ደግሞ ምን ማሰብ ይፈልጋል ብላ ሳትታዘበኝ አልቀረችም። መልሱ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ነው። ለእሷም ለሌሎቻችሁም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ለተልዕኮ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የጅማ ሴት ነኝ። የሄዱ ሰዎች ብዙ ይነግሯችኋል። እኔ የማውቀው የተቀባዩን ቤት ነው። እንግዳዋ የመጣችው እኛ ጋ ነበር፣ ቆጪ፣ እናቴ ቤት።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ተዘግተው የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ተከፍተዋል። ከውጭ የወጣት ቡድኖች መምጣት ጀምረዋል። የሚመጡት ደግሞ ሁልጊዜ በክረምት ነው፤ እነሱ አገር ትምህርት የሚዘጋው ያኔ ነዋ። እኛ ጋ ክረምት ምን እንደሆነ ለጅማ ልጅ አልነግርም። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሐምሌ ላይ የቡናው ብር ካለቀ ሰንብቷል። አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። እንጨቱ ርሷል፣ ከሰል ተወዷል። እንግዳ የሚመጣው ልክ ጓዳው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ከቡድኑ ይህን ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። እናቴም አልተናገረችም።

እናቴ ያኔ ሂርማታ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ከቤተክርስቲያን መጥተው «አንዲት ልጅ ታሳርፊልናለሽ?» ሲሏት ወዲያው እሺ አለች። ከዚያ ነው ሩጫው የመጣው። ዕቁቧን ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጣ ቀድማ ወሰደች። አልጋዋን ለቅቃ እኛ ልጆቿ ጋር መሬት ላይ ተኛች። ፍራሻችን ግን ለእንግዳ የሚሆን አልነበረም። ይህን የሰማችው አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ሙስሊም ናት። ለትልቋ ልጇ ሰርግ ብላ ያስቀመጠችው አዲስ ስፖንጅ ፍራሽ ነበራት። ላስቲኩ እንኳ አልወለቀም። በልጆቿ አሸክማ ላከችልን። እናቴ ልትመልስ ስትል «የናንተ እንግዳ የኛም እንግዳ ነው» አለቻት።

ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አሜሪካዊት። ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ደግ፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማትንቅ ልጅ ነበረች። ሽንኩርት ልክተፍ ብላ እናቴን ታስቸግራት ነበር። እናቴ «እንግዳ አይሠራም» ትላለች፣ እሷ ቢላውን ትቀማታለች። እኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬን ይዤ መሃል ቆሜ አስተረጉማለሁ።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ሠራች። ልጅቷ አንድ ሁለቴ ጎረሰችና ጠገብኩ አለች። በኋላ እናቴ ክፍሉን ስትጠርግ ከአልጋው ሥር የብስኩት ላስቲክ አገኘች። አልተቆጣችም፣ «ውይ፣ ርቧታል እኮ» ብላ አዘነች እንጂ። ውሃ ስንሰጣት ደግሞ የውሃ ማከሚያ ኪኒን ጣል አድርጋበት ትጠብቃለች። ቡና ልትጠጣ የመጣች አንዲት ሴትዮ «ምን አስበውብኝ ነው ብላ ነው?» ብላ ስትስቅ እናቴ ተሸማቀቀች። ዓመታት አልፈው ነርስ ስሆን ነው ልጅቷ ልክ እንደነበረች የገባኝ። እንዲያም ሆኖ ሆዷ ከመታመም አልዳነም። ሽንት ቤታችን ከጓሮ ነው፤ መንገዱ ጭቃ። ሌሊት በተነሳች ቁጥር እናቴ በአንድ እጇ ፋኖስ፣ በአንድ እጇ ዣንጥላ ይዛ ውጭ ትጠብቃታለች። ጠዋት ሲነጋ ደግሞ ገበያ ትወርዳለች።

ስለዚህ ውሃን በተመለከተ ይሉኝታ አይያዛችሁ። ያልተፈላ ከሆነ በትህትና አመስግናችሁ ተዉት። ምግብ ግን የቀረበላችሁን ብሉ። እርግጥ ሆድ የሚያሳምም ምግብም አለ፤ ይህን ስል የራሴን ምክር እያፈረስኩ እንደሆነ ይገባኛል። እንግዲህ ትኩስ ትኩሱን ብሉ። ዩጋንዳ ማቶኬ ይሰጧችኋል፤ ጥሬ ሙዝ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ነው። ቆጮ በኮባ ሲጋገር እያየ ላደገ የኛ አካባቢ ልጅ ባዕድ አይሆንም። ብስኩት ከደበቃችሁም ላስቲኩን ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ ከእንግዳዋ ሥር አትጠፋም ነበር። ፀጉሯን ትጎነጉንላታለች። እንግዳዋም መዝሙር አስተማረቻት፣ ፎቶ አነሳቻት። አንድ ቀን ከሻንጣዋ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈች፣ ሥዕል ያላት ትንሽ የወንጌል መጽሐፍ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ በደስታ እየሮጠች ቤቷ ይዛው ገባች። ለእንግዳዋ የጉዞው ትልቁ ቀን ያ ነበር፤ ማታ ማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ አይቻታለሁ።

በማግስቱ የልጅቷ አባት በራችንን አንኳኳ። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ለእናቴ ሰጣት። «ልጄ የልጆቻችሁን መጽሐፍ ተሳስታ ይዛ መጥታ ነው፤ ልመልስ ብዬ ነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እናቴ «ግባ እንጂ፣ ቡና ደርሷል» አለችው። «ሥራ አለብኝ» ብሎ ሄደ። እንግዳዋ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን አለ?» ስትለኝ እናቴ በዓይኗ አየችኝ። «ሰላም ሊላችሁ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ማለት ይቻል ነበር?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሿ ልጅ አልመጣችም። ፍራሹ ደግሞ አሁንም እንግዳዋ ሥር ነው። መልሱልን አላሉም፣ እናቴም እንግዳዋን ተነሺ ልትላት አትችልም። በዚያ ሰሞን እናቴ ሌሊት ስትገላበጥ እሰማት ነበር። እንግዳዋ በሄደች ዕለት እናቴ የፍራሹን ልብስ አጠበችው። ዝናቡ መቼ ያደርቀዋል! ሌሊቱን በከሰል ፍም ላይ እያገላበጠች አድርቃ በጠዋት ራሷ ተሸክማ ወሰደች። ጎረቤታችን «ምን አስቸኮለሽ?» አለቻት። ሌላ ቃል አልተነገረም።

ቡናችን ግን ተለየ። ድሮ ጠዋት እኛ ጋ ከተፈላ ከሰዓት እነሱ ጋ ነበር፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል የሚነሳ የለም። አሁን እናቴ ልጅ ልካ ስታስጠራት «መጣሁ» ትላለች፣ አትመጣም። ሰላምታው አልተቋረጠም። ኩርፊያ ቢሆን ሽማግሌ ይገባና ያልቃል። ይሄ ሽማግሌ የማይገባበት ነገር ነው። ማን ምን አደረገ ተብሎ ይነገራል?

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከእንግዳችን ደብዳቤ መጣ። የምስጋና ደብዳቤ ነው፣ ፎቶዎችም አሉበት። የትንሿ ልጅ ፎቶም አለበት። «ጎረቤቶቻችሁ እንዴት በፍቅር እንደተቀበሉኝ መቼም አልረሳም» ይላል። እኛ ቤት የመጣ ፎቶ ሁሉ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። እናቴ ያንን ግን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያቺ ደግ ልጅ ይህን ሁሉ ሳታውቅ አርጅታ ይሆናል። ምናልባት የልጅ ልጆቿን ሰብስባ ስለ ጅማ ጎረቤቶች ትተርክ ይሆናል።

ነገሩ የረገበው በትልቋ ልጅ ሰርግ ነው። ጎረቤታችን ራሷ መጥታ «ለክርስቲያን እንግዶቼ የሚሆነውን አንቺ ታበስይልኛለሽ» አለቻት። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። እናቴ ያን ሰሞን እግሯ መሬት የነካ አይመስልም ነበር። ድስቱን ሁሉ ከዕድር ያወጣችው እሷ ናት።

ጅማ እንዲህ ዓይነት ከተማ ናት። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሙስሊም ባለበት ከተማ ውስጥ ክርስቲያን ሆኖ የሚኖር ሰው ወንጌሉን የሚናገረው በአፉ ብቻ አይደለም። እናቴ ከዚያች ጎረቤት ጋር ስለ እምነት ታወራ ነበር፣ ለዓመታት። ቡና ላይ፣ ቀስ እያለች፣ እየተጠየቀች። ያ መንገድ ነው የተዘጋው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ሲስተር ወንጌል አትናገሩ እያለችን ነው» ልትሉ ነው። አይደለም። ለእናቴም ወንጌል የደረሳት ከሌላ አገር በመጣ ሰው ነው። ያ ሰው ጎረቤት ይቀየመኛል ብሎ ቢተወው ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? እሱ ኖሯል። ቋንቋውን ተምሯል፣ ለቅሶ ደርሷል፣ የተቀየመውን ሰው ራሱ ይቅርታ ለመጠየቅ እዚያው ነበር። እናንተ በሦስተኛው ሳምንት አውሮፕላን ላይ ናችሁ። ለምትናገሩት ቃል መልሱን የሚቀበለው ያሳደራችሁ ቤት ነው። ስለዚህ ለጎረቤት ከመናገራችሁ በፊት የቤቱን እናት ጠይቁ። መሪዎቻችሁን አይደለም፣ እሷን። «እሺ» ብላ ፈገግ ካለች እሺ ነው። «እንጃ»፣ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ወይም ዝም ካለች ግን እምቢ ማለቷ ነው። ይህን ኢትዮጵያዊ ሆናችሁ ካልገባችሁ ለማን ይግባው?

ደግሞ ወዴት እንደምትሄዱ እወቁ። የአንግሊካን ሚስዮናውያን ካምፓላ ወዳለችበት ወደ ቡጋንዳ የገቡት በፈረንጆች 1877 ነው፤ ካቶሊኮቹ በ1879 ተከተሉ። እስልምና ከሁለቱም ቀድሟል። ከ1885 እስከ 1887 ባሉት ዓመታት ብዙ ወጣት ክርስቲያኖች በእምነታቸው ተገድለዋል፤ በየዓመቱ ጁን 3 ናሙጎንጎ ላይ ሕዝቡ እየጎረፈ ያስባቸዋል። የኛ መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው በፈረንጆች 1959 ነው። ያ አጥር አጠገብ ያለው ጎረቤት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን «ኢየሱስን ታውቀዋለህ?» ልትሉት ተዘጋጅታችኋል።

ስልካችሁን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። የዛሬ ልጆች ጸሎቱ ሳያልቅ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ነው። የሰው ልጅ አቅፎ ፎቶ መነሳት አገልግሎት ሆኗል። የኛይቱ እንግዳ ቢያንስ ፎቶውን በፖስታ ነው የላከችው፤ ሳጥን ውስጥ መደበቅ ይቻል ነበር። አሁን ሰፈሩ ሁሉ በዚያው ቀን ያየዋል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ወጣት ሄጄ አደርገዋለሁ ሳይሆን እችላለሁ ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ። በኛ ጊዜ የጠየቀ አልነበረም።

የገንዘቡን ነገር መሪዎቻችሁ ያንብቡት። ለአሳዳሪው ቤት የሚሰጥ የቀለብ ብር ካለ በመጀመሪያው ቀን ይሰጥ። ለእናቴ በሽኝቱ ቀን በፖስታ ነው የሰጧት፣ በጭብጨባ። ዕቁቡ ያኔ ተበልቶ አልቋል። ብሩ አላነሳትም፤ ዘይትና ከሰል የሚገዛበት ቀን ግን አልፏል። የምትሄዱበት ወር ለእነሱ የጥጋብ ይሁን የችግር አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኛን ክረምት እዚያ ወስዳችሁ አትገምቱ፣ የእነሱ ዝናብ በሌላ ወር ነው።

ከጤና በኩል፣ የቢጫ ወባ ካርድ ከሌላችሁ አሁኑኑ ተከተቡ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ። በፈረንጆች ከ2016 ወዲህ ባለው ደንብ አንዴ የተከተበ ሰው ለዕድሜ ልኩ ነው። ወባ አለ፣ ስለ መከላከያው ኪኒን ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ከተሰጣችሁ ግቡበት። ሕፃናት ተንበርክከው ሰላም ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ ለታላቅ ሰው አክብሮታቸው ነው።

ስጦታ አታብዙ፤ የቤቱን ሰው ያሳቅቃል። ቡና ግን ውሰዱ። ዩጋንዳ ራሷ ቡና አምራች ናት ትሉኝ ይሆናል። ነች፤ ግን በብዙ ቤት የሚጠጣው ሻይ ነው። ተቆልቶ የተወቀጠ የጅማ ቡና ይዛችሁ አንድ ከሰዓት አፍሉላቸው፣ እስከ በረካ ድረስ። ጎረቤቶቹን የምትጠራው ግን የቤቱ እናት ትሁን፤ ማንን መጥራት እንዳለባትና ማንን እንደሌለባት እሷ ታውቃለች። ጀበናውን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ከታች ከተጫነ ይሰበራል።