ልጆች ይዛችሁ ባህር ዳርቻ ከመሄዳችሁ በፊት የባህሩን ሰዓት እዩ

እህቴ፣ የ2 እና የ6 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ባህር ዳርቻ ልትሄጂ ነው፤ ቦታው አሸዋማና ለቤተሰብ የሚመች ነው ብለውሻል፤ ምን ልያዝ፣ ያስፈራል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከልጆቼ ጋር ደጋግሜ ስለሄድኩ ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ሰው "ለቤተሰብ የሚመች" ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አሸዋው ነው። ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ የለውም፣ ሽንት ቤት ቅርብ ነው፣ ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ባህሩ ግን በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ብሉ ፍላግ (ሰማያዊ ባንዲራ) የሚባለው ለባህር ዳርቻዎች የሚሰጥ ምልክት እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረው፣ የሚነግርሽ ስለ ውሃው ንፅህና፣ ስለ አገልግሎቱና ስለ ደህንነት ዝግጅቱ ነው። ዛሬ ከሰዓት ማዕበሉ ምን እንደሚመስል አይነግርሽም።

ስለዚህ ቦርሳ ከማዘጋጀትሽ በፊት በዚያ ቀን ባህሩ ስንት ሰዓት እንደሚሞላና ስንት ሰዓት እንደሚሸሽ እይ። ልዩነቱ እምብዛም የማይታይባቸው ባህሮች አሉ። በብዙ ቦታ ግን ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው የነገረሽ ሰዓት ላንቺ አይሠራም ማለት ነው።

እኛ መጀመሪያ ስንሄድ ይሄን አላወቅንም። ባህሩ ሸሽቶ ሰፊ እርጥብ አሸዋ ትቶ ነበርና ምንጣፋችንን ከውሃው አጠገብ አነጠፍን። ልጆቹ ይቆፍራሉ፣ እኛ እናወራለን። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ መጣ። መጀመሪያ የምንጣፉን ጫፍ አራሰው፣ ቀጥሎ የትንሿን ልጄን አንድ ጫማ ይዞት ሄደ። ሁላችንም ብድግ ብለን ቦርሳ፣ ፎጣ፣ ስልክ ስናነሳሳ ቀና ብል ልጅቷ የለችም። ጫማዋን ተከትላ ገብታለች። ውሃው ወገቧ ላይ ደርሷል። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ ዓይኗ ጫማው ላይ ብቻ ነው። ሮጬ ክንዷን ስይዛት ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተመስገን፣ ምንም አልሆነችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንለቀው ደንብ አለን፦ ሁልጊዜ አንድ ተረኛ ይኖራል። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ አያነብም፣ ቦርሳ አይፈትሽም፣ ሥራው ልጆቹን ማየት ብቻ ነው። ሲደክመው "አሁን ያንተ ተራ ነው" ብሎ በአፉ ተናግሮ፣ መልስ ሰምቶ ነው የሚለቀው። አምስት አዋቂ ተቀምጦ ማንም የማያይበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሌላው እያየ ይመስለዋል። ልጅ ውሃ ሲወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ መተንፈስ ያቃተው ልጅ መጣራት አይችልም። ስለዚህ የ2 ዓመቷን ልጅሽን ውሃ አጠገብ እጅሽን ዘርግተሽ ከምትደርሺበት ርቀት አታርቂያት። ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ሮዝ የዋና ልብስ አልብሻት፤ ሰማያዊ ልብስ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይታይም።

ስትደርሱ መጀመሪያ ባንዲራዎቹን ፈልጊ። በብዙ አገር ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ከተተከሉ በመካከላቸው ያለውን ቦታ ነፍስ አድን ዋናተኞች ይጠብቁታል፣ እዚያ ዋኙ። ቀይ ብቻ ከሆነ አትግቡ። ነፍስ አድኖቹን ሄደሽ አነጋግሪያቸው፣ "ዛሬ ለልጆች የቱ ጋ ይሻላል?" በያቸው። እኔ ሁሌም እጠይቃለሁ፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩኝ።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ማዕበሉ ግራና ቀኝ እየተሰበረ መሃል ላይ ጠቆር ያለ፣ ፀጥ ያለ ቦታ ካየሽ ለልጆች የተመቸ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ዳር የመጣው ውሃ ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚወጣበት መንገድ ነው፣ ሰው ይዞ ይሄዳል። ድንገት ከያዘሽ ፊት ለፊት አትታገዪው፣ ጉልበትሽን ትጨርሻለሽ። ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አንስተሽ እርዳታ ጥሪ፣ ከቻልሽ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኘሽ ውጪ።

በአየር የሚነፋ ጎማና ፍራሽ ደግሞ ባህር ላይ አልወድም። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባህር ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ያርቀዋል። ለመዋኛ ገንዳ ይሁን፣ ለባህር ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይሻላል።

ፀሐዩ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ይከብዳል። እኛ በጠዋት ሄደን ሳይጠነክር እንመለሳለን። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) SPF 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ያዢ፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ ሲወጡ እንደገና ቀቢያቸው። ጥላ ሥር ነን ብለሽ አትተዪው፣ አሸዋውም ብርሃኑን ይመልሳል። ጫማም አይረሳ፣ ደረቅ አሸዋ እግር ያቃጥላል።

ጉድጓድ መቆፈር ይወዳሉ፣ ይቆፍሩ። ግን ከትንሿ ጉልበት በላይ እንዳይጠልቅ። አሸዋ ድንገት ይደረመሳል፣ ሲደረመስም ከባድ ነው። ስትሄዱ ድፈኑት።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ የሚጠጣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ባልዲና አካፋ፣ የህፃን ፓውደር። ፓውደሩን እግራቸው ላይ ነስነስ አድርገሽ በፎጣ ጠረግ ስታደርጊው የተጣበቀው አሸዋ ይረግፋል፣ መኪና ውስጥ ለቅሶ የለም።

ትልቁ ልጅሽ ማዕበሉን ከፈራ ደግሞ አትጎትቺው። የእኔ ትልቁ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ጀርባውን ለባህሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ዝም አልነው። ቆይቶ እርጥቡ አሸዋ ላይ ሄዶ ቆመ፣ አንድ ስስ ውሃ መጥቶ እግሩን ነካውና ሲመለስ ከተረከዙ ሥር አሸዋውን ሸረሸረው። ወደ ታች አየ፣ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፣ "እማዬ፣ መሬቱ እየሄደ ነው!" አለኝ። ለምሳ ስንጠራው እምቢ አለ።