ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ውሃ በስኒ ይቆጠራል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ቤቴ አራት ኪሎ ነው፤ የምሠራው ሰንጋ ተራ፣ ባንክ ውስጥ። ክብደት ለመቀነስ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን ከተሠራሁ 5 ሳምንት ሆነኝ። 121 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 106 ገብቻለሁ። ችግሬ መብላትም መጠጣትም አለመቻሌ ነው። ጠዋት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዤ እወጣለሁ፤ ማታ ከነተረፈው ይዤው እገባለሁ። አጥሚት ወይም ሾርባ ሦስት አራት ማንኪያ ከቀመስኩ በቃ። ርሃብ የሚባል ነገር የለም። ከታክሲ ስወርድ ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል። አንዳንዴ ያስመልሰኛል። የግፊት ክኒኔን ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። እናቴ «ልጄ አለቀች» ብላ ገንፎ ታገነፋለች። እህቴ ደግሞ «ሂጂና ግሉኮስ ይሰቀልልሽ» ትላለች። ምን ላድርግ? ረቡዕና ዓርብን መጾምስ እችላለሁ? ቡናስ መቼ ነው የምጠጣው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «አንድም ቀን አላቋረጥኩም» ያሉት ላይ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ያ ክኒን የታዘዘው ለ121 ኪሎዋ ሴት ነው፤ እንደ ልቧ ለምትበላና ለምትጠጣዋ። ክብደት ሲቀንስ ግፊትም አብሮ ይወርዳል። በዚያ ላይ ክኒንዎ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ፣ እርስዎ የሌለዎትን ውሃ ነው የሚያስወጣው። እንደ ኤናላፕሪል ያለ ከሆነ ደግሞ፣ ውሃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ኩላሊትን ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ክኒኑን ከመዋጥዎ በፊት ግፊትዎን ያስለኩ። መጀመሪያ ቁጭ ብለው፣ ከዚያ ቆመው ሦስት ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ የዓይን ጭልም ማለቱ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ቁጥሮቹን ይዘው ያዘዘልዎትን ሐኪም በዚያው ቀን ያነጋግሩ። በራስዎ አያቋርጡ፤ በድንገት ሲተው ራሳቸው ጣጣ የሚያመጡ የግፊት መድኃኒቶች አሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ አንባቢ ካለም ነገሩ እሱንም ይመለከታል።

ሁለተኛ ነገር። ከኦፕራሲዮን 5 ሳምንት በኋላ በቀን ከግማሽ ሊትር በታች የሚጠጣና የሚያስመልሰው ሰው በጋዜጣ መልስ ብቻ መታከም የለበትም። የሠራዎትን ሐኪም በዚህ አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይዩት። የተሰፋው ጨጓራ አንዳንዴ በዚሁ ሰሞን መሀሉ ላይ ይጠብና ፈሳሽ እንኳ አላሳልፍ ይላል። ያ ከሆነ ምክር አይፈታውም፤ በመሣሪያ ታይቶ የጠበበው ይሰፋል። ኩላሊትዎና ፖታሲየምዎም በደም ምርመራ ይታይ።

አሁን ወደ ውሃው።

ስሊቭ ማለት ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያም በላይ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይቀራል ማለት ነው። የወጣው ክፍል ደግሞ ግሬሊን የሚባለው የርሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ለዚህ ነው ርሃብ የጠፋብዎ። አልታመሙም፤ መጥሪያው ነው የተነሳው። ችግሩ፣ ድሮ «ብዪ፣ ጠጪ» የሚለው ሆድ አሁን ዝም ስላለ፣ ሥራውን ሰዓት መሥራት አለበት። ጥማትንም አይጠብቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የበጋው አየር ደረቅ ነው፤ ላብ ሳይታይዎ በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውሃ ይወጣል።

የሚፈለገው በቀን ቢያንስ 1 ሊትር ተኩል ነው። ይህን ቁጥር ስነግራቸው ታካሚዎቼ ፊታቸው ይለወጣል። አንዷ ከቦርሳዋ ያልተከፈተ ሃይላንድ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ዶክተር፣ እኔ ይህን ሳየው ነው የምጠግበው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠርሙስ ያስፈራል። ስለዚህ ጠርሙሱን ይተዉት፤ የቡና ስኒ ያምጡ። ቤቴ ያለችውን ስኒ በሲሪንጅ ለክቻት አውቃለሁ፤ እስከ አፏ ስትሞላ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ትይዛለች። ባለቤቴ ሲኒዋን ከእጄ እስክትቀማኝ ድረስ ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው የለካሁት። 1 ሊትር ተኩል እንግዲህ 21 ስኒ ግድም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት 15 ሰዓት አለ። በየሰዓቱ አንድ ስኒ ተኩል ቢደርስ ሞላ ማለት ነው።

አንዷን ስኒ ግን ባንድ ትንፋሽ አይጨልጧት። እንደ ትኩስ ቡና ፉት፣ ፉት እያሉ 15 ደቂቃ ይውሰድባት። ቱቦዋ ጠባብ ናት፤ ባንዴ ሲሞሏት ደረትዎን ጭምቅ ያደርግና ይመልስዎታል። ሰውም «ውሃ አልተስማማኝም» ብሎ ጭራሽ ይተዋል። ያልተስማማው ፍጥነቱ ነው። ቀዝቃዛ የሚያስቸግራቸው አሉ፤ ለእነሱ ለብ ያለ ውሃ፣ ያለ ስኳር የዝንጅብል ሻይ ወይም ቀጭን የዶሮ መረቅ ይሻላል። ሁሉም ከቁጥሩ ይገባል። ወተትም ይቆጠራል። አምቦ ውሃ ጋዙ ስለሚነፋዎት አሁን አይሆንም። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው ወፍራም ስፕሪስ ግን ውሃ አይደለም። ስኳር ነው፤ ምግብ ብዬ ነው የማየው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሆን ብለው ነው የማይጠጡት እንዴ? ይህን የምለው የሥራ ሴቶች ሁሉ ስለሚነግሩኝ ነው። ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆመው ሽንት ቢመጣ የት ይገባሉ? ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ያቆማሉ። እርስዎም እንደዚያ ከሆኑ የቀኑን ድርሻ ወደ ጠዋት ይሳቡት። ከቤት ሳይወጡ አራት ስኒ፣ ቢሮ ደግሞ ሽንት ቤት ቅርብ ነውና እስከ 9 ሰዓት አብዛኛውን። ቀሪውን ቤት ገብተው። መጠጣትዎ በቂ መሆኑን ሽንትዎ ይነግርዎታል፦ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጠቆር ያለ ሻይ ከመሰለ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ምግብና ውሃ ባንድ ላይ አይሂዱ። ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ስኒዋ ትነሳ፤ በልተው ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ትመለስ። ቦታዋ ለሁለቱ አትበቃም።

ምግቡን በተመለከተ፣ በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው የምንፈልገው። እርስዎ ያሉት አጥሚት ሆድ ያሞቃል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ እሱ ጠባቧን ቦታ ከያዘባት ሌላው የት ይግባ? አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ቢበጠበጥበት 5 ያህል ይጨምራል። ወተት ሆድዎን የሚያንጫጫ ከሆነ እርጎ ይሞክሩ። ግማሽ የሻይ ስኒ የተቀቀለ ምስር 9 አካባቢ፤ እጅ መዳፍ የማትሞላ የተቀቀለ ዓሣ ቁራጭ 15 ገደማ። አይብም ጥሩ ነው፣ ያለ ቅቤ። እነዚህን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። ማንኪያዋ የሻይ ማንኪያ ትሁን። ሃያ ደቂቃ ይብሉ፤ ደረትዎ ላይ የመጫን ስሜት ሲመጣ ያቁሙ። «አንዲት ብቻ» ያሏት ማንኪያ ናት የምታስመልሰው።

ይህን ካልኩ አይቀር፣ ጉርሻ። እናትዎ ሲያጎርሱ እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እናት አለችኝ። ገንፎው ግን በቅቤና በበርበሬ ተለውሶ ያቺ ቱቦ ውስጥ ሲገባ እንደ ጭቃ ነው የሚለጠፈው። እናትዎን አይከልክሏቸው፤ ሥራ ይቀይሩላቸው። ምስሩን አልጫ ሠርተው ይፍጩት። ሽሮውን ቀጠን አድርገው፣ ቃሪያና በርበሬ ሳይነካው በማንኪያ የሚጠጣ ያድርጉት። ዶሮውን ቀቅለው በጣታቸው ይፈልፍሉት። እንጀራ ይቆይ። ትኩስ እንጀራ ሲታኘክ ሊጥ ይሆንና ይጣበቃል፤ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም እንደዚያው። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪምዎ ሲፈቅድ፣ ወጡን አስቀድመው በልተው በመጨረሻ በወጥ የራሰች ፍርፍር ቀመስ ያድርጉ። ጥብስ ከዚያም በኋላ ነው።

ግሉኮሱ ላይ ግን ቆም እንበል። በእኛ ከተማ ደከመኝ ያለ ሁሉ ሠፈሩ ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ ያሰቅላል። ለእርስዎ ይህ ሊጎዳ ይችላል። ምክንያቱ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ-1 ነው። ሰውነት የሚያስቀምጠው ለሁለት ሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው። እርስዎ 5 ሳምንት ሙሉ ትንሽ በልተዋል፣ አስመልሰዋል። ስኳር ሲቃጠል ቢ-1 ይጨርሳል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ነው፤ ቢ-1 ባለቀበት ደም ውስጥ ሲገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ምልክቱ ዕቃ ሁለት ሆኖ መታየት፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ መርሳትና መቃዠት ነው። ስለዚህ ፈሳሽ በደም ሥር ያስፈልግዎታል ከተባለ ነርሷን እንዲህ ይበሏት፦ «የጨጓራ ኦፕራሲዮን ተሠርቻለሁ፤ ሲያስመልሰኝ ነበር፤ መጀመሪያ ቢ-1 ስጪኝ።» አያፍሩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስልክዎ ላይ ጽፈው ይያዟት፤ እህትዎም ይያዙት።

የታዘዘልዎትን ቫይታሚን አያቋርጡ፤ ዕድሜ ልክ ነው። አይረንና ካልሲየም ባንድ ሰዓት አይዋጡም፣ ሁለት ሰዓት ያራርቋቸው። ፀጉርዎ በሦስተኛው ወር ገደማ ቢረግፍ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ራስዎን ቢያምዎ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይግዙ፣ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ጾሙን በግልጽ ልንገርዎ፤ አሁን አይሆንም። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ለእርስዎ አደጋ ነው፤ እንቁላልና ወተት ሲቀነስም 60 ግራሙ አይሞላም። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ሙስሊም አንባቢዎቼም ለረመዳን ከሐኪማቸውና ከኡስታዛቸው ጋር ይምከሩ።

እነዚህ ከታዩ ግን ቀጠሮ የለም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል፦ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሽንት አለመምጣት፣ የጠጡት ጠብታ ሁሉ መመለስ፣ ቁጭ ብለው ልብ በደቂቃ ከ120 በላይ መምታት፣ ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ዕቃ ሁለት ሆኖ መታየት።

ቡና ጠይቀውኛል፤ ረስቼው አይደለም። ማስመለሱ ይቁም፣ ማዞሩ ይተውዎት፣ የሠራዎት ሐኪምም እሺ ይበል። ከዚያ ያለ ስኳር፣ ከምግብ ጋር ሳይሆን ብቻውን፣ ከአይረን ክኒንዎም ሁለት ሰዓት አርቀው መቅመስ ይችላሉ። ሰው ሁሉ አቦሉን ይሻማል፤ እርስዎ አይሻሙ። አቦሉና ቶናው ሲዞር በእጅዎ ያለችው ስኒ ውሃ ትሁን። በረካዋ ስትመጣ ቀጭን ናትና እሷን ፉት ይበሉ።